ጣሪያው የጋራ፣ ዲሹ የየግል

ባለፈው እሑድ ኮዬ ፈጬ የሚገኘው ብሎካችን ጣሪያ ላይ ወጣን። የወጣነው አየር ለመቀበል አይደለም። አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ “ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሳሎኔ ባልዲ ይፈልጋል” ብለው ስለነገሩን ነው። ቀዳዳ ፍለጋ ወጥተን ዲሽ ቆጥረን ወረድን። ቤቶቹ ሃያ ናቸው፤ ዲሾቹ ሃያ ሰባት! እያንዳንዱ ዲሽ ቆርቆሮውን በብሎን በስቶ ተተክሏል። ያ ሁሉ ቀዳዳ የሚጨርሰው እማማ ሳሎን ውስጥ ነው።

ለሃያ ቤት ሃያ ሰባት ዲሽ ምን ያደርጋል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ አይደሉም። የናይልሳት ዲሽ ወደ ምዕራብ ያያል። በ2012 ዓ.ም. የብሮድካስተሮች ማኅበርና ኤስ.ኢ.ኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ኢትዮሳትን ሲያመጡልን፣ የአገር ቤት ቻናሎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሄዱ። ዲሹም ፊቱን አዞረ። የዓረብ ቻናል የለመደ ቤት ግን የድሮውን አላወረደም፤ አዲሱን ከጎኑ ተከለ። ኳስ የሚወደው ጎረቤት ደግሞ የዲኤስቲቪን ጨመረ። በዚህ ላይ “ኤችዲ” የሚባል አማላይ መጣ።

ኤችዲን አንንቅም፤ እውነት ነው። የድሮው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነበር። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ነው፤ ነጥቡ አምስት እጥፍ ማለት ነው። የተጫዋቹን ማልያ ቁጥር ከሶፋችን ሳንነሣ ማንበብ ጀመርን። ዋጋውን ግን ማን ከፈለ? ብዙው አሮጌ ሪሲቨር የኤችዲ ቻናል ስለማይከፍት ሪሲቨር ተቀየረ። ዲሽ ስለዞረ ለሠራተኛ ተከፈለ። ይህ ሁሉ ሃያ ጊዜ፣ በሃያ ቤት፣ በአንድ ጣሪያ ላይ!

በሌላው ዓለም በኤችዲ የተጣሉት ኬብልና ሳተላይት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የሳተላይቱ ዳይሬክቲቪ “ሥዕሌን የሚያህል የለም” እያለ ጄሲካ ሲምፕሰንንና ዊልያም ሻትነርን አሰልፎ ሲያስተዋውቅ፣ ታይም ዋርነር ኬብል ፍርድ ቤት ገተረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ማስታወቂያዎቹ ታገዱ። በኤችዲው ሁለቱ እኩል ነበሩና “እበልጣለሁ” ማለቱ ሐሰት ተባለ። በምስል ጥራት መብለጥ ያልቻለው ዳይሬክቲቪ በብዛት መጣ፤ አዲስ ሳተላይት አምጥቆ እስከ መቶ የኤችዲ ቻናል አቀርባለሁ አለ። የተጠቀመው ማን ነው? ሁለቱን እያማረጠ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ።

እኛስ? እኛ ሰፈር የኬብል ኩባንያ በር አያንኳኳም። ያለን ምርጫ ሳተላይት ወይም ሳተላይት ነው። የፕሪሚየር ሊጋችንን የአምስት ዓመት የማስተላለፍ መብት ሱፐርስፖርት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ሲያስተላልፍ፣ ሜዳው የኛ፣ ተጫዋቹ የኛ፣ ምስሉ ግን ወርኃዊ ክፍያ ላለው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 ካናል ፕላስ በአማርኛ ቻናሎች ሲገባ “እሰይ! ተፎካካሪ መጣለት” ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ካናል ፕላስ የዲኤስቲቪን ባለቤት መልቲቾይስን ጠቀለለው። ይፎካከሩልናል ያልናቸው ሁለቱ ተጋቡ። እኛም ሠርጉን አጨበጨብን እንጂ ጥሎሹን ከማን ኪስ እንደሚያወጡት አልጠየቅንም።

እንግዲህ ኩባንያዎቹ እስኪራሩልን አንጠብቅ። የኛ ክርክር አጭር ነው፦ ኬብሉን ራሳችን እንዘርጋ።

ለኢትዮሳት አንድ፣ ለናይልሳት አንድ፣ ክፍያ ላለው አንድ። ሦስት ዲሽ! በደንብ በታሰረ ብረት ላይ፣ ቆርቆሮ ሳይበሳ። ከሥራቸው መልቲስዊች የሚባለው ሳጥን ይቀመጣል፤ ከእሱ ለየቤቱ ኬብል ይወርዳል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሪሲቨር ይሰካል፤ የፈለገውን ያያል፤ የሚከፈልበትን የፈለገ ለብቻው ይከፍላል። ይህ የጨረቃ ጉዞ አይደለም። ሆቴሎች ለየክፍሉ ዲሽ የማይተክሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ሕንፃውን የሠራልን ወገን ከመጀመሪያው አስቦበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍን።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤቱ ውጪ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ነው ይላል። ጣሪያው የማንም ብቻውን አይደለም። የባለቤቶች ማኅበር የተቋቋመውም እንዲህ ያለውን እንዲያስተዳድር ነው። የኛ ማኅበር ግን ለጥበቃ ደመወዝ መዋጮ ሲሰበስብ እንጂ ለጣሪያ ሲሰበሰብ አላየንም። አስቡት እስቲ! በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣው ሲወጣ በኮዬ ፈጬ ቤቶች ምክንያት በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተወጣ፤ አገር ተከራከረ። ያን ያህል የተከራከርንበትን ጣሪያ ዛሬ በየግላችን እንበሳዋለን።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን አለ፤ አንሸሸውም። “ኬብል ማለት መቀስ ለያዘ ሰው መመቸት ነው” የሚሉ ጓደኞች አሉን። ስጋታቸው ከመሬት አልተነሣም። በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ኢሳትንና ኦ.ኤም.ኤንን ማየት ተከልክሎ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ዲሹ ግን አልተዘጋም። ዲሽን ለማጥፋት ወይ ሰማይ ላይ ማፈን ወይ ጣሪያ ለጣሪያ መዞር ያስፈልጋል። ኬብልን ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መቁረጥ ይቻላል።

እውነት ነው። እኛም ከሩቅ የሚመጣ፣ ቁልፉ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ኩባንያ እጅ ያለ ኬብል አንፈልግም። የምንለው ከጣሪያችን ተነሥቶ ሳሎናችን ስለሚያልቅ ኬብል ነው። ምልክቱን የሚቀበለው አሁንም ዲሽ ነው፤ ዲሹም የኛ ነው። ቻናል የሚመርጠው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳይሆን የየቤቱ ሪሞት ነው። የሳጥኑ ቁልፍ በሦስት ቤት ይያዝ፤ “ይህ ቻናል ይዘጋ” የሚል ቢመጣ ሦስት በር ያንኳኳ። ከዚህ በላይ ዋስትና ሃያ ሰባቱ ዲሽም አይሰጡንም።

“ሁሉም አይዋጣም” የሚለውን ተቃውሞ ግን አንቀበልም። ሁሉም አዋጥቷል እኮ! ሃያ ሰባት ዲሽ፣ ሃያ ሰባት ገመድ፣ የሃያ ሰባት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከኪሳችን ወጥቷል። ያልነበረን ገንዘብ አይደለም፤ አንድ ላይ መቀመጥ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከብሎኩ ሥር እንቀመጣለን። አጀንዳው አንድ ነው፦ ሦስት ዲሽ፣ አንድ ሳጥን፣ ሃያ ኬብል። የሌላ ብሎክ ሰዎችም መጥታችሁ ስሙ፤ የናንተም ጣሪያ ያው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። አንበሳው ይቅርብን፤ ኬብላችን ቢያብር የእማማን ባልዲ ያስቀራል።