እናቴን ማን አወፈራት?

እስቲ ልጠይቃችሁ ወገኖቼ፤ ሰው ከሞተ በኋላ ይወፍራል እንዴ? እኔ እናቴን ወፍራ አገኘኋት!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተቀረፀውን የታላቅ እህቴን የሠርግ ቪዲዮ ካሴት ወንድሜ ወደ ዲቪዲ አስገለበጠው። እሁድ ዕለት ተሰባስበን በኮምፒዩተር ከፈትነው። ታዲያላችሁ፣ እልል እያለች ሙሽሮቹን የምትቀበለው እናታችን ፊቷ ተለጥጦ ሌላ ሴትዮ መስላ ቁጭ! አያቷን በአካል የማታውቀው የእህቴ ልጅ «እማዬ፣ አያቴ እንዲህ ነበረች?» ብላ ጠየቀች። እህቴ መልስ አጥታ ተነስታ ወጣች። ወንድሜ ደግሞ «ካሴቱ ተበላሽቷል፤ ይጣል!» አለ።

እኔ ግን ዓይኔ የሙሽሮቹ መኪና ጎማ ላይ አረፈ። እንደተጋደመ እንቁላል ሆኗል። ጎማ ደግሞ ክብ ነው። ጎማው ከተለጠጠ ሰዉም ተለጥጧል ማለት ነው። ካሴቱ ምን በወጣው!

ምስጢሩ ይኸውላችሁ። የያኔው ቴሌቪዥን ስፋቱ 4 ቢሆን ቁመቱ 3 ነበር። የዛሬው 16 በ9 ነው። በእኛ አገር አሠራር የዲቪዲ ምስል በ720 በ576 ነጥቦች ይቀመጣል፤ ነጥቦቹ ግን ስፋትና ቁመታቸው እኩል አይደለም። ማጫወቻው እኩል ናቸው ብሎ ከቆጠራቸው ሰው ይከሳል። ለሰፊ ስክሪን የተቀረፀ ነው ተብሎ በስህተት ከተመዘገበበት ደግሞ ሰው በሲሶ ይሰፋል። የእኛ ጉድ ይኼ ነው።

ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ «ኤ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል 4፡3 የሚል እስኪመጣ ድረስ ደጋግሜ ተጫንኩ። እናቴ ተመለሰች! ግራና ቀኝ ጥቁር ቢታይ አትደንግጡ፤ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ነው እንጂ ከምስሉ የጎደለ የለም። በቴሌቪዥን ከሆነ በሪሞቱ የምስሉን ቅርፅ 4፡3 አድርጉት።

እናም ምክሬን ስሙኝ። ምስል ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት ጎማ ወይም የግድግዳ ሰዓት ፈልጋችሁ ክብነቱን እዩ። ለባለሙያ ከሰጣችሁም «ምስሉን ሳትነካ 4፡3 መሆኑን ብቻ መዝግብበት» በሉት። ካሴቱንማ በፍጹም እንዳትጥሉ!

እህቴን ከጓዳ ጠራኋት። ቆማ ብዙ አየችና ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «አዎ፣ አያትሽ እቺ ናት» አለቻት።

ሳምንት ያገናኘን!