የሞርስ ቁልፉን ለዊንዶውስ አታስረክቡት

በኮምፒውተር ብቻ የሚሠሩ የአማተር ሬዲዮ ትራንሲቨሮችን ለምታመርቱ ሁሉ፦

አዲስ ነገር ጠልቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። የ40 ሜትር ባንድን ከዳር እስከ ዳር ስክሪን ላይ ዘርግቼ፣ ደካማ ሲግናል ከጫጫታው መሃል ብቅ ሲል በማውስ መያዝ ከለመድኩ ወዲህ ወደ ድሮው መመለስ አያምረኝም። ሶፍትዌሩ አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝ የሬዲዮውን ሳጥን ባዶ አስቀርታችሁ ሥራውን ሁሉ ኢሜይል በምናነብበት ኮምፒውተር ላይ መጫናችሁ ነው።

ሞርስን እንይ። በደቂቃ 25 ቃል ለሚልክ ሰው አንዷ ነጥብ የምትቆየው 48 ሚሊሰከንድ ነው። የሚልከውን ወዲያው ካልሰማ እጁ ይሳከራል። በእናንተ አሠራር ግን ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ በድራይቨሩና በሳውንድ ካርዱ ደጃፍ ወረፋ ጠብቆ ነው ጆሮ የሚደርሰው። 100 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ሰውየው የሚሰማው ከሁለት ነጥብ ርዝመት በፊት የላከውን ነው። የድምፁን ማቆያ ቋት (በፈር) አሳንሱ ትሉናላችሁ። እናሳንሳለን፤ ያኔ ደግሞ ጸረ ቫይረሱ ከጀርባ በተነሳ ቁጥር ድምፁ ይቆራረጣል።

የባሰው ሌላ ነው። 100 ዋት ሲወጣ ጥቂቱ በዩኤስቢ ገመዱ ተመልሶ ሊገባና ግንኙነቱን ሊበጥሰው ይችላል። ያኔ «ማስተላለፍ አቁም» የሚለው ትእዛዝ ሬዲዮው ጋ አይደርስም። እኔ ቤት ስክሪኑ ደርቆ ሲቀር የኃይል መለኪያው መርፌ ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ የወረደው የ13.8 ቮልቱን ፓወር ሰፕላይ ስዘጋው ነው። ፈቃዱ በስሜ ነው፣ ተጠያቂውም እኔው። ከእናንተ አንዱን ብጠይቅ «ገመዱ ላይ የፌራይት ቀለበት አድርግበት» አለኝ። አደረግሁ፤ እውነቱን ለመናገር ረድቷል። ግን ኮምፒውተሩ ለአፍታ ዝም ሲል ማስተላለፊያውን በራሱ የሚዘጋ ሰዓት ቆጣሪ ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ይህን ያህል ከብዷችሁ ነው?

(መብራት ሲሄድ ሬዲዮውን በመኪና ባትሪ እናስነሳለን። ዴስክቶፑንና ስክሪኑንስ?)

የዕድሜ ጉዳይም አለ። በፋየርዋየር ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኙ የነበሩት ትራንሲቨሮች ውስጣቸው ደህና ነው፤ የሚሰካቸው ኮምፒውተር ግን ከገበያ ጠፋ። ያሠራቸው የነበረው የፓወርኤስዲአር ሶፍትዌር ኮድ ክፍት ስለነበረ አማተሮች ራሳቸው እያደሱ ብዙ ዘመን አቆዩት። ኮዱ የተቆለፈበት ባለቤት ምን ያድርግ?

መፍትሔው ጠፍቶ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ የበቃው አይኮም አይሲ 7300 ስሌቱን በራሱ ሆድ ይዞ፣ የሚዞር ትልቅ ዳያልም አለው። ፍሌክስ ሬዲዮም በ6000 ተከታታይ ሞዴሎቹ ከባዱን ሥራ ወደ ሳጥኑ መልሶ ከኮምፒውተር ጋር በኢተርኔት ይነጋገራል። ስለዚህ የሞርስ ቁልፉን፣ የላኪውን ድምፅና ማስተላለፊያውን የማጥፋት ሥልጣን ሳጥኑ ውስጥ አስቀሩልን፤ ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ያሳየን፣ ይበቃዋል። ሬዲዮው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮቶኮልም ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር አብራችሁ አውጡት፤ እናንተ ስታቆሙ እኛ እንድንቀጥልበት።

73
አንድ ደንበኛችሁ