«በገዛ ግቢዬ» ለሚል ሰው የተሰጠ መልስ

ሰው በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ ያስከብረዋል እንጂ አያሳፍረውም። የእጅን ሥራ የሚንቅ ሰው የሚጠለልበትን ቤት ማን እንደ ሠራው የዘነጋ ነው። ስለዚህ እኔ ዛሬ የምከራከረው በግቢው ውስጥ የአርማታ መዋኛ ገንዳ በራሱ እጅ ለመሥራት ከሚነሣው ሰው ጋር አይደለም፤ ሳይማር ከሚነሣውና ስሕተቱን ሲነግሩት «በገዛ ግቢዬ፥ በገዛ ገንዘቤ ማን ምን አገባው?» ከሚለው ጋር ነው።

በአሜሪካ አገር ብዙ ዓመት ኖረው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱ አንድ ዘመዴ፥ ቦሌ በሚገኘው ግቢያቸው ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 4 ሜትር፥ ጥልቀቱ በአማካይ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ገንዳ አስቆፈሩ። ፌሮውን ራሳቸው አሰሩ፤ ሲሚንቶውንም ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ራሳቸው ለወሱ፤ እኛም ወጣቶቹ ውሃ እያቀበልን አደነቅናቸው። በቀን ክፍያ የቀጠሯቸው አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ግን አፈሩን በጣታቸው አሽተው፥ «ጌታው፥ ይህ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ጠጠር አንጥፈን ለውሃው መውጫ እናብጅለት» አሏቸው። ዘመዴም «ለማይታይ ነገር ገንዘብ አላወጣም፤ ግቢውም የኔ፥ ገንዘቡም የኔ ነው» ብለው መለሱላቸው። በተረፈውም ገንዘብ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ሴራሚክ ተገዛ።

በነሐሴ ወር ገንዳውን ለማጠብ ውሃውን በሞተር ስበው አስወጡት። በማግሥቱ ጧት የገንዳው አንደኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ተነሥቶ፥ ሴራሚኩ ረግፎ፥ ቱቦው ተሰብሮ አገኘነው። አንዳንዱ ጎረቤት «መተት ነው» አለ። መተት አልነበረም፤ ሒሳብ ነበረ እንጂ።

ሒሳቡም ይህ ነው። ግድግዳውና ወለሉ 20 ሳንቲም ውፍረት ቢኖራቸው ባዶው ገንዳ 330 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ውስጡን የሚሞላው ውሃ ደግሞ 480 ኩንታል ነው። ይህ ውሃ እስካለ ድረስ ገንዳውን ተጭኖ ይይዘዋል። ሲወጣ ግን፥ በዙሪያው ያለው የክረምት ውሃ ከመሠረቱ በላይ 90 ሳንቲም ያህል ከፍ ካለ፥ አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመት በፊት ባስተማረው ሕግ መሠረት ባዶውን ገንዳ እንደ ጀልባ ሊያነሣው ይችላል። ሽማግሌው ግንበኛ የለመኑት ጠጠርና፥ በወለሉ ዝቅተኛ ስፍራ የሚገባ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ይህን ጥፋት ይከላከላሉ።

የቀረውም ሥራ እንዲሁ ነው። ውሃ የበዛበት ቡኮ ለማፍሰስ ይቀላል፥ ሲደርቅ ግን ደካማ ይሆናል። ፌሮው ከአፈሩ 7 ሳንቲም ተኩል ያህል ካልራቀ ዝገት ያገኘዋል። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መሰንበት አለበት፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ይህ ሁሉ ሥራው ሲያልቅ ከዓይን ይሰወራል። የሠሪው ሐቀኝነት የሚታወቀው ግን በዚሁ በተሰወረው ነው።

«ቢበላሽ የምከስረው እኔ ነኝ» ይል ይሆናል ሰውየው። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። ዘመዴ ገንዳው ከተበላሸ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ተዉት፤ ጥልቁን በኩል ዝናብ ሞላው፤ አረንጓዴም ሆነ። አጥር አልነበረውም። በመስከረም አንድ ቀን የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው የጎረቤት ልጅ ኳሱን ተከትሎ በተከፈተው በር ገባ። ጩኸት አልተሰማም፤ የሚሰጥም ሕፃን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውምና። ዘበኛው ኳሱ በውሃው ላይ ብቻውን ሲንሳፈፍ አይቶ ባይሮጥ ኖሮ፥ የዚያ ዓመት መስቀል ለሁለት ቤት ለቅሶ በሆነ ነበር። ልጁ ተረፈ። ዘመዴም ከዚያ ቀን በኋላ «በገዛ ግቢዬ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

ዘመዴ ከአሜሪካ ገንዳውን አመጡ፥ ጥንቃቄውን ግን እዚያው ተዉት። በዚያ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከማናቸውም ምክንያት ይልቅ የሚገድለው መስጠም ነው። ስለዚህ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 የሆነ አጥር በአራቱም ወገን ይታጠር፥ በሩም በራሱ የሚዘጋ ይሁን ይላሉ። በ2002 በፈረንጆች አቆጣጠር አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ የማፍሰሻው ስበት ይዞ ስለ ገደላት፥ በ2007 በስሟ የተጠራ የጥንቃቄ ሕግ ወጣ። ፈረንሳይም በ2003 በመሬት ውስጥ የተሠራ ክፍት የግል መዋኛ ያለው ሰው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያደርግ በሕግ አዘዘች። እነዚህ አገሮች የሰውን ግቢ የማያከብሩ አይደሉም፤ የሕፃን ነፍስ ከግቢ እንደሚበልጥ በሐዘን የተማሩ ናቸው እንጂ።

ስለ ውሃውም አንድ ቃል ልጨምር። ያ ገንዳ አንድ ጊዜ ሲሞላ 48,000 ሊትር፥ ማለት 2,400 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የሚያስብ ሰው፥ ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈውን ጎረቤቱንም ያስብ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንድ ቀን ገንዳም ሆነ ቤት በእጅህ ለመሥራት ብትነሣ እጅህን አትከልክለው። ነገር ግን አካፋውን ከማንሣትህ በፊት አፈሩን መርምር፤ ሥዕልህን ለመሐንዲስ አሳይ፤ ሽማግሌው ግንበኛ ሲናገር ጆሮህን ስጠው። ውሃውን ከመሙላትህ በፊትም አጥሩን እጠር። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለካህን ብቻ አይደለም፤ አርማታ ለሚለውስም ነው።