«ብርዱ ነው» የሚባለው ሰበብ

ኅዳር ከታጠነ ወዲህ በየጠዋቱ የምሰማው ሰበብ አንድ ነው። ወተቱ ለምን ረፈደ? «ብርዱ ነው፣ መኪናው አልነሳ ብሎ።» ሰላጣው ገበያ ሳይደርስ ለምን ጠወለገ? «ብርዱ ነው።» ፋጉሎ ሊጭን የወጣው ሃይሉክስ ለምን እስከ ሦስት ሰዓት ቆሼ አስፋልት ዳር ይገፋል? ያው ብርዱ ነው። እኔ ደግሞ አይደለም እላለሁ። የቆሼም፣ የአየር ጤናም፣ የጠቅላላው የአዲስ አበባ ብርድ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር የማስቆም አቅም የለውም።

የግብርና ሰው ስለ መኪና ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል እንጂ! በማዳበሪያው፣ በመኖው፣ በክትባቱ ወራት የለፋንበት ምርት የሚበላሸው በዚህች በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። ወቅቱንም እዩት። ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾም ነው። የወተት ገዢ ይቀንሳል፤ የቀረው ገዢም በጠዋት ካልደረሳችሁለት ሌላ ሰው ይይዛል። አትክልት ፈላጊው ደግሞ የሚበዛው አሁን ነው። የዓመቱ ቀዝቃዛ ጠዋቶችም የሚውሉት እዚሁ ላይ ነው። በዚህ ወር አንድ ሰዓት ማርፈድ በሌላ ወር ግማሽ ቀን ከማርፈድ ይብሳል።

ብርዱ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። የሞተር ዘይት ያወፍራል፣ የባትሪ ጉልበት ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ አይነሳም፤ አየሩን አፍኖ ሲጨምቀው በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣው የሚቀጣጠለው። እኛ ደግሞ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጭመቃው የሚገኘው ጉልበትም ከቆላው ያንሳል። ለዚህ ነው ካንዴሌታ የተሠራው። ሞተሩ ከመዞሩ በፊት ማቃጠያውን ቀድሞ የሚያግል ነገር ነው፣ በቃ። ካንዴሌታው ከሠራ፣ ባትሪው ከዞረ፣ ናፍጣው ከደረሰ የታኅሣሥ ንጋት ምንም አያመጣም። ደብረ ብርሃን ውርጭ እየጣለም አይሱዙው ጠዋት ይነሳል።

«ናፍጣው ረግቶ ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። ካናዳ ወይም ሚኒሶታ ያለ የአጎት ልጅ በስልክ የነገረን ነው። እውነቱን ነው፣ እዚያ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ሲወርድ ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ሰዉም ሞተሩን በኤሌክትሪክ እያሞቀ ያድራል። እኛ ዘንድ ግን ጠዋት ላይ ከዜሮ በላይ 6 ወይም 7 ሲሆን «በረዶ ዘነበ» እንላለን። በዚህ ሙቀት ናፍጣ አይረጋም። የበሽተኛውን መድኃኒት ለጤነኛው እየሰጠን ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ መድኃኒት ተብዬው ነው። ካርቶን ወይም ጨርቅ ናፍጣ ነክሮ ሞተሩ ሥር የሚያነድድ ሰው አለ። የተለኮሰ ጨርቅ ወደ አየር መሳቢያው የሚያስጠጋም አለ። የናፍጣ ቱቦ ፕላስቲክ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲክ ለብሷል፣ ከሥር ያረጀ ዘይት ተጋግሯል። ያውም ቆሼ አጠገብ፣ የተቀበረው ቆሻሻ ራሱ ተቀጣጣይ ጋዝ በሚያወጣበት ሰፈር! ብትናገሯቸው «ለምደነዋል» ይሏችኋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የቀበረበት ሰፈር ይህ ቃል ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ያውቃል።

ናፍጣ ላይ ቤንዚን የሚቀላቅሉትም አይሻሉም። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ቅባት ነው፤ ቤንዚን ያንን ያጥበዋል፣ ፖምፓውንም ይበላዋል። አየር መሳቢያው ላይ የሚረጨው ስፕሬይ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ ብትረጩት ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፣ ፒስተን ይሰነጥቃል። አንዴ ይነሳላችኋል፣ ሁለቴ ይነሳላችኋል፣ ሦስተኛው ላይ ሞተር ማስወረድ ነው። መግፋቱስ? ንጋት ላይ፣ ጭለማ ሳለ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ልጆች ከኋላ አሰልፎ መግፋት ወተት ለማድረስ የሚከፈል ዋጋ ነው እንዴ?

አሁን ወደ መካኒኮቹ ልምጣ። ጎበዝ መካኒክ አለ፣ አመሰግናለሁ። ግን ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንዴ አስነስቶ፣ ምንም ሳይለካ «ፖምፓው ነው፣ ይውረድ» የሚል ሞልቷል። ሌላው «ባትሪው ሞቷል» ይላል። የባትሪው ራስ ነጭ ዱቄት ለብሶ እያየ፣ በሙቅ ውኃና በብሩሽ ጠርጎ ማጥበቅ ሲበቃ፣ አዲስ ያስገዛችኋል። አሮጌው ወዴት ይሄዳል? ወደ ቆራሌው። አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፣ እርሳሱ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ። በትንሹ አቃቂ ውኃ ጎመንና ቆስጣ እያለማችሁ ያላችሁ ይህን ከእኔ መስማት አለባችሁ፤ ያለ ምክንያት የተጣለ ባትሪ ተመልሶ ማሳችሁ ሊገባ ይችላል።

እንግዲህ መኪናው አልነሳ ሲል ከመጨቃጨቅ በፊት ጆሮና ዓይን ይቅደም። ሞተሪኖው እየተጎተተ፣ እያቃሰተ ነው የሚዞረው? ጉዳዩ ባትሪ፣ የባትሪ ራስ ወይም ከሻንሲ ጋር የሚያያዘው የኔጌቲቭ ገመድ ነው። ያደረ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ። ዘይቱንም ጠይቁ። «ዘይት ይበላል» ተብሎ 50 ቁጥር የተሞላበት አሮጌ ሞተር ጠዋት ላይ ሸክም እንደተጫነበት ነው የሚዞረው፤ 15 ደብሊው 40 ይሻለዋል።

በደንብ ዞሮ ካልነሳ አንድ ሰው ማርሚታው ጋ ይቁም። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። ሌሊት በላላ ቱቦ አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ታንከሩ ተመልሶ ይሆናል፤ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ጫኑት። ከዚያ በኋላ ከተነሳ ሌባው የላላው ቱቦ ነው። በሰልፉ ሰሞን በጀሪካን የገዛችሁ ደግሞ የፊልትሮውን ሥር ከፍታችሁ ውኃውን አፍስሱ። ነጭ፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ከወጣ ግን ናፍጣው ደርሷል፣ የጎደለው ሙቀት ነው። በተለይ ጠዋት እምቢ ብሎ ቀን ላይ በአንዴ የሚነሳ ከሆነ ካንዴሌታውን ጠርጥሩ። ብዙ ሹፌር ቁልፉን አንዴ ሰንዝሮ ያዞረዋል፤ ቢጫዋ የጥምዝምዝ መብራት እስክትጠፋ እንኳን አይታገሥም። እሷ ብትጠፋም ካንዴሌታዎቹ ይሠራሉ ማለት አይደለም፣ በብዙ መኪና ሰዓቷን ቆጥራ ነው የምትጠፋው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለችንን አሮጊት መኪና ዕድሜ ማራዘም አለብን። ካንዴሌታ ለመፈተሽ ሽቦ ያለው አንድ የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። ካንዴሌታዎቹን የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት ይፈታል፤ የአምፖሉ አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በየካንዴሌታው ራስ ላይ ይነካል። ከበራ ደህና ነው፣ ካልበራ ተቃጥሏል። አራት ሲሊንደር ከሆነ አራት ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ነገ መካኒኩ «ፖምፓው ይውረድ» ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ዓይናችሁ እያየ ይሥራ። አልሠራም ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።