ትንሿ አውሮፕላን ስትዘገይ



ለአገልግሎት ተጠርተን ከሄድንበት ከአውሮፓ ስንመለስ በኳታር፣ በሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጥቂት ሰዓት ቆይተን ነበር። በአዳራሹ መካከል ሰባት ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ መብራት የተተከለበት ቢጫ ድብ ተቀምጧል። ትርጓሜው እስከ ዛሬ ባይገባንም ለመቀጣጠሪያነት ግን እጅግ ይመቻል። ከሥሩ ነጠላ የለበሰች እኅት ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘናት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አልናት።

«አባቴ፣ የእናቴ አርባ ነገ ነው። ጎጃም ናት። አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ።»

የቀብሩም ዕለት አልደረሰችም ነበር።

ነገሯ እንዲህ ነው። ከምትኖርበት ትንሽ ከተማ የተነሣችው በአንድ ትልቅ አየር መንገድ ስም በተቆረጠ ትኬት ቢሆንም፣ ያሳፈረቻት የዚያው ድርጅት ንዑስ ኩባንያ ናት። ይህ በአውሮፓ የተለመደ ነው፤ ኬኤልኤም ሲቲሆፐር የምትባል አለችው፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስም ሲቲፍላየር። ትንንሽ አውሮፕላን ይዘው አጭሩን መንገድ ይመላለሳሉ፤ ረድእ ለአበው እንደሚታዘዝ ማለት ነው። የእኅታችን ትንሿ አውሮፕላን ዘገየች፤ ወደ ዶሐ የሚሄደውም አመለጣት። እስከ ዶሐ ያለው ጉዞ በአንድ ትኬት ስለ ነበረ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው አሳፈሯት። ከዶሐ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ግን ዋጋው ቀንሶ ስላገኘችው ለብቻው ገዝታ ነበር። ለዚያ ትኬት እርሷ በሰዓቷ ያልተገኘች መንገደኛ ናት፤ አዲስ ትኬት ግዢ ተባለች።

በአንድ ትኬትና በሁለት ትኬት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከብሬመን ተነሥታ በፓሪስና በሳኦ ፓውሎ በኩል ወደ ፓራጓይ የምትሄድ አንዲት መንገደኛ ነበረች። የመጀመሪያውን አጭር በረራ የሚያበርረው በኤር ፍራንስ ስም ብሪት ኤር ነበር። እርሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢዘገይ፣ ሴትዮዋ መድረሻዋ የገባችው 11 ሰዓት ዘግይታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የፈረደው፣ ካሣው የሚታሰበው በመጨረሻው መድረሻ ላይ በደረሰው መዘግየት ነው ብሎ ነው። ይህ ግን ጉዞው በአንድ ላይ ለተያዘለት ሰው ነው። እኅታችን ቢበዛ እስከ ዶሐ ለዘገየችው ትጠይቅ ይሆናል፤ ከዶሐ ወዲያ ያለውን የሚቆጥርላት የለም።

ስለዚህ ለበዓልም ሆነ ለተዝካር የምትመጡ ሁሉ፣ ከመነሻ እስከ አዲስ አበባ የቦታ ማስያዣ ቁጥራችሁ አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ሻንጣችሁም እስከ መጨረሻው የተመዘገበ መሆኑን በመነሻችሁ ጠይቁ። ትኬቱ ላይ በረራውን የሚያካሂደው ማን እንደ ሆነ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ መነጽር አድርጋችሁም ቢሆን አንብቡት። በሁለት ትኬት መምጣት ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን ይኑር። ከበዓሉ ዋዜማ ሌሊት የምትደርሱ አትሁኑ።

ወንድሟ ስልክ ደውላ ብትነግረው፣ ጠላው ደርሷል፣ ካህናቱም ተጠርተዋል፣ ቀኑን ማሳለፍ አይቻልም አላት። በማግሥቱ ማታ የሚነሣ አውሮፕላን ገዛች። እኛ የምንሳፈርበት ሰዓት ደርሶ ስንነሣ የእናቷን የክርስትና ስም በትኬቷ ጀርባ ጽፋ ሰጠችን። አዲስ አበባ እንደ ገባን፣ በዚያው ዕለት ጸሎተ ፍትሐት አደረስንላቸው።