ከዒድ ማግስት ወደ ዱስ፦ ከሰሉን ትተን ጋዝ እንያዝ



ከዒደል አድሓ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ የተሽሪቅ ቀናት የመብላት፣ የመጠጣትና አላህን የማውሳት ቀናት እንደሆኑ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እኛም የጂንካ ወጣቶች በነዚህ ቀናት ተሰባስበን ከከተማ ወጣ ማለት ከለመድን ሰነባብተናል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሄደው ቅርብ ነው። መኪናና መዋጮ ሲሟላልን ግን በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አልፈን የካራዎች መንደር እስከሆነችው ዱስ ድረስ እንወርዳለን። ኦሞ ዳር፣ ሾላ ጥላ ሥር ሥጋ ጠብሶ መብላት ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል፤ ላልሄደ ብንነግረው ጉራ ይመስላል።

ሰሞኑን ጀመዓችንን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ አለ። መዋጮ አድርገን የጋዝ ግሪል እንግዛ ወይስ እንደለመድነው በርሜል ተቆርጦ የተበየደውን መጥበሻችንንና ከሰላችንን ጭነን እንውረድ? ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ግን ክርክሩ ሲረዝም ስለ ሥጋ ብቻ እየተነጋገርን እንዳልሆነ ገባን። የኛ አቋም ጋዙ ይገዛ የሚል ነው፤ ለምን እንደሆነ እንናገር።

ያለፈው ጉዞ ላይ የሆነውን እናስቀድም። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይዘን ወርደን ነበር። ግማሹ መንገድ ላይ በመንገጫገጭ ብዛት ዱቄት ሆኖ ደረሰ። ፍየሉ ተገዝቶ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ታርዶ፣ ሥጋው ገና ግማሽ እንኳ ሳይጠበስ ከሰሉ አለቀ። ሁለት ወንድሞች ገጀራ ይዘው ሄዱና ከአንድ ግራር ላይ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጠው እየጎተቱ መጡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ መጡና ቅርንጫፉን ቆመው ተመለከቱት። አልተቆጡም። አማርኛ በሚችል ልጅ በኩል የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛፉ የማን እንደሆነ ጠይቃችኋል ወይ? ቀና ብለን ስናይ እላዩ ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ባለቤት ያለው ዛፍ ነበር። ይቅርታ ጠይቀን አንድ የፍየል እግር ብናቀርብላቸው፣ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቱ ስጡት አሉን። ዒድ ነው ብለን የወጣን ሰዎች የሰው ሐቅ ነክተን ተመለስን።

ያ ቀን በዚህ አላበቃም። ዙህር ሲገባ መንገደኛ ስለሆንን አሳጥረን ልንሰግድ ሰልፍ ያዝን። ፍሙ እንደነደደ ነው የተውነው። ሩኩዕ ላይ ሳለን ከወንዙ በኩል ነፋስ ተነሣና ብልጭታውን ደረቁ ሣር ላይ ጣለው። ከኋላ የነበረ አንድ ወንድም ሶላቱን አቋርጦ ሮጠ፤ ደግሞም ትክክል አደረገ፤ ሰውና ንብረት ከአደጋ ለማዳን ሶላት እንደሚቋረጥ ዑለማዎች ነግረውናል። ሣሩ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ተቃጥሎ ጠፋ፣ አልሐምዱሊላህ። ባይጠፋስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጥሎ ሲነገራቸው እሳት ጠላታችሁ ነውና ስትተኙ አጥፉት ብለው መክረዋል። ኦሞ ዳር በደረቁ ወቅት እሳትን ትቶ መስገድም ተኝቶ ከመተው አይለይም።

እንግዲህ ከሰል ላይ ያለን ቅሬታ ይህ ብቻ አይደለም። ከሰል በባህላዊው መንገድ አፈር ለብሶ ሲከሰል 1 ኪሎ ለማግኘት ከ5 እስከ 7 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንጨት ይነዳል። በመንገድ ዳር ተደርድሮ የምናየው ማዳበሪያ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የወደቀ ግራር ነው። ታችኛው ኦሞ ደግሞ ደን የሞላበት አገር አይደለም። ትላልቆቹ ዛፎች፣ ሾላውና ሮቃው፣ የሚበቅሉት ወንዙን ተከትለው በቀጭኑ ነው፤ ትንሽ ከወንዙ ራቅ ካልን ቁጥቋጦና አቧራ ነው። ካራዎች በቁጥር ትንሽ ሕዝብ ናቸው። ወንዙ ሲሞላ ጠብቀው፣ ሲጎድል በተወው ደለል ላይ ማሽላ እየዘሩ ነው የኖሩት። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ከመጣ ወዲህ ሙላቱ እንደ ድሮው አይመጣም። ስለ ግድቡ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ግን ኑሮው እንዲህ የተለወጠበት ሰው ደጃፍ ላይ ሄደን የቀረውን ጥላ ቆርጠን ብንጠብስ ምን ይባላል? በውሃ ዳር፣ በመንገድ ላይና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ተግባር መሆኑን በሐዲሥ ተምረናል። ጥላውን ማቆሸሽ እንዲህ ከተባለ ጥላውን መቁረጥ እንዴት ይቀላል?

በክርክሩ ላይ አንድ ወንድም፣ ሰዎች ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን በጋራ ይጠቀማሉ የሚለውን ሐዲሥ አነሣ። እንጨቱም የጋራ ነው ማለቱ ነበር። እኛ የምንረዳው በተቃራኒው ነው። የጋራ የሆነ ነገር ላይ መጀመሪያ ሊቆጥብ የሚገባው በዓመት አንድ ቀን መጥቶ የሚሄደው እንግዳ ነው።

ወደ ጋዙ እንምጣ። ሲቪል ሰርቪስ ደመወዝ ከሚያገኙት እስከ ባጃጅ አሽከርካሪው ድረስ ሁላችንም የምናዋጣበት ነገር ስለሆነ፣ ቪዲዮ ላይ ያየነውን ስድስት መክፈቻ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ግሪል እንርሳው። ለአሥራ አምስት ሰው ሁለት ማንደጃ ያለው ይበቃል። ሁለት መሆኑ ግን ግድ ነው። አንዱን አንድዶ ሌላውን በመቀነስ አንድ በኩል ኃይለኛ፣ አንድ በኩል ለስላሳ እሳት ይገኛል። የቆላ ፍየል ሥጋ ስብ የለውም፤ በኃይለኛው እሳት ላዩን ብቻ ይዞ ወደ ለስላሳው ካልተዛወረና ክዳን ካልተደፋበት ጫማ ይሆናል። የበግ ላት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ስቡ ሲንጠባጠብ እሳቱ ይነሣል። ስለዚህ ስቡን ቀነስ አድርጎ መቁረጥ፣ የስብ መቀበያው ትሪ ወጥቶ የሚታጠብ መሆኑን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። የስብ እሳት ቢነሣ ውሃ አይደፋበትም። ጋዙ ይዘጋል፣ ክዳኑ ይደፋል፤ መሬት የፈሰሰውን አሸዋ ያጠፋዋል፣ ዱስ ደግሞ አሸዋ አይቸግርም።

ስንገዛ መጀመሪያ በእጅ እናንሳው። በስስ ላሜራ የተሠራው በሁለት ዒድ ይጣመማል። ፍርግርጉ ወፍራም ብረት ይሁን፤ ሙቀት የሚይዘው እሱ ነው። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ መንደድ አለበት፤ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ከሰጠ አየር አላገኘም ማለት ነው። ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር መግጠሙን እዚያው ሱቁ ውስጥ እንሞክር፣ ቤት ገብተን አይደለም። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሲሊንደሩ ሲያልቅ የት እንደሚሞላ፣ በስንት ቀን እንደሚገኝ እንጠይቅ። የሚሞላበት የሌለው ግሪል የብረት ቁራጭ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ 1 ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ወደ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ሁለቱ ማንደጃዎች አንድ ላይ 6 ኪሎዋት ቢሆኑና ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢነድዱ 1 ኪሎ ገደማ ነው የሚጨርሱት። 6 ኪሎ የምትይዝ ትንሽ ሲሊንደር አምስት ስድስት ጉዞ ትችላለች። ጋዝ ከውጭ በዶላር የሚገባ መሆኑን አንክድም፤ ለዕለት ተዕለት ምግባችን ሁሉ ጋዝ እንጠቀም እያልንም አይደለም። የምንናገረው ዛፉ የእኛ ስላልሆነበት፣ ሣሩ ደረቅ ስለሆነበት ቦታ ነው።

ጋዝም ግን አደብ ይፈልጋል፤ ከከሰል የባሰ አደብ። ሙቀት ሲጨምር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የቆላው ፀሐይ ደግሞ ይታወቃል። በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ከመንገደኛ ጋር አይጫንም። በፒክአፕ ጀርባ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ታስሮ፣ ጥላ ለብሶ ይሂድ። ስንደርስ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ በወንዙ ዳር ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነፋስ እንከልል ብለን አንትከለው። ጎማውንና መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብተን እንይ፤ አረፋው ከተነፋ ይዘጋል፣ አይለኮስም። በክብሪት መፈተሽ የሚባል ነገር የለም! ሲለኮስ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ወዲያው ካልያዘ ዘግቶ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ተከድኖ የተጠራቀመ ጋዝ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። ሲያልቅ መጀመሪያ የሲሊንደሩ መክፈቻ ይዘጋል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ጋዝም ሆነ ከሰል አይገባም፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ተኝተው ያሉ ሰዎችን የሚገድል መሆኑን በየክረምቱ እንሰማለን።

ጋዙን ያስወደደን ትልቁ ነገር ግን ሶላት ነው። አዛን ሲል መክፈቻው ይዘጋል፣ ሁሉም ሰልፍ ይገባል። በከሰል ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ሰው ፍም ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ያለፈው ዓይነት ነገር ይፈጠራል። ከሰል እስኪያያዝ የምንጠብቀው ግማሽ ሰዓትም ብዙ ጊዜ ዙህርን ወደ መጨረሻው ሲገፋብን አይተናል።

ጣዕሙስ? የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ እውነት ነው፣ የከሰል ጭስ የሚሰጠውን ሽታ ጋዝ አይሰጥም። አንዋሽም። ነገር ግን የምንወደው ሽታ አብዛኛው የሚመጣው ስቡ ጋለው ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ነው፤ እሱ በጋዝም አለ። ፍርግርጉን አሥር ደቂቃ ማጋል፣ በግማሽ የተቆረጠ ሽንኩርት ማሸት፣ ሥጋውን በሚጥሚጣ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ዘፍዝፎ መውሰድ ነው። ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋና ትሪ የበሰለውን አይንካ። በነገራችን ላይ፣ ግሪል ሲሆን ወንዱ ሁሉ ምግብ አብሳይ ይሆናል። ቤት ውስጥ ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ወንድም እዚያ ሲደርስ ሼፍ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋልና፣ ዒዱ ሲያልፍም ይቀጥል።

ኢስራፍ ነው የሚሉ ወንድሞችን እናከብራለን። ለአንድ ቀን ፎቶ ብለን ብንገዛው ኢስራፍ ነው። ለድሃ ከሚሄድ የኡዱሒያ ድርሻ ወይም ከሰደቃ ሣጥን አንድ ብር ቢነካ ደግሞ ከኢስራፍም ያለፈ ነው፤ ከየኪሳችን ብቻ። ስንገዛው ግን ለሠርግም፣ ለዐቂቃም ሊወጣ የሚችል የጋራ ዕቃ ይሆናል።

ስለ ፎቶ ከተነሣ፣ ግሪሉን አቁመን፣ ከኋላችን የካራ ልጆች ቆመው ሲያዩን ቀርጸን የለጠፍነው ቪዲዮ ነበር። አጥፍተነዋል። ልጆቹ ቆመው የሚያዩት ሥጋውን ነበር፤ እኛ ደግሞ ካሜራውን። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ልካችኋል ወይ ብለው ደጋግመው መጠየቃቸው ተዘግቧል። ካራዎች ሙስሊም አይደሉም፣ ግን ጎረቤቶቻችን፣ ያ ቀን ደግሞ አስተናጋጆቻችን ናቸው። ስለዚህ የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ፍየሉ ከነሱ ይገዛል፣ የመጀመሪያው ትሪ ለነሱ ይወጣል፣ ከኛ ትርፍ አይደለም። እነሱ ግሪል እንደማያስፈልጋቸውም እዚያው አይተናል። በአካባቢው ሰዎች ሥጋውን በእንጨት ሰክተው፣ ከወደቀ ጭራሮ በተለኮሰች ትንሽ እሳት ዙሪያ አቁመው ይጠብሱታል። ሾፎሮ ቡናቸውን በቅል ሲሰጡን ደግሞ ማን ለማን እያስተናገደ እንደሆነ ግልጽ ነው።

አብዛኛው ሰው ተስማምቷል፣ መዋጮውም ተጀምሯል። ያልተቋጨው ሲሊንደሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። መስጂድ ግቢ የሚሉ አሉ፤ እኛ አይሆንም ብለናል፣ ቁርኣን የሚቀሩ ሕፃናት የሚውሉበት ግቢ ነው። ከመኝታ ቤት የራቀ፣ ነፋስ የሚገባበት፣ ጥላ ያለው ክፍት በረንዳ ያለው ወንድም ካለ ከጁምዓ በፊት ያናግረን።