አምስት ምላጭ ለአንድ ጢም

ጢምን በውሃና በአረፋ ለመላጨት ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት መሣሪያዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ፣ ሁለቱም ጎኑ የተሳለ ስስ ምላጭ በብረት ራስ መካከል የሚታሰርበት የቆየው መላጫ ነው። ሌላው ካርትሪጅ ነው፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ምላጭ በፕላስቲክ ራስ ላይ ተደርድሮ ይሸጣል፣ ሲዶለዱም ከነፕላስቲኩ ይጣላል። ካርትሪጁ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የአሜሪካንና የአውሮፓን ገበያ ሲቆጣጠር ይዞት የመጣ አንድ እምነት አለ፦ ምላጩ በበዛ ቁጥር መላጨቱ ያምራል፣ ቆዳውም ይጠበቃል። እምነቱ ስሕተት ነው። የምላጩን ቁጥር ያበዛው ንግድ እንጂ ቆዳ አይደለም፤ ጢሙ ከርዳዳ ለሆነ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ የጉዳት ምንጭ ሊሆን ይችላል።

የነገሩ ሥር ያለው በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የመላጫ ኩባንያውን በ1901 አቋቋመ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስስ ብረት አጠንክሮ መሳል እንደማይቻል ብዙዎች ሲነግሩት፣ ችግሩን የፈታለት ዊሊያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነበር። በ1903 የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። በ1904 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበ፣ ሽያጩም በዚያው ዓመት ወደ አሥር ሺዎች ዘለለ።

በንግድ ትምህርት ቤቶች ጂሌት እጀታውን በርካሽ ሰጥቶ ትርፉን ከምላጩ የለቀመ ብልህ ነጋዴ ሆኖ ይነገራል። የሕግ ምሁሩ ራንዳል ፒከር በ2010 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው ግን፣ የፈጠራ መብቱ በጸናባቸው ዓመታት መላጫው በ5 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ይህ በጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው። ዋጋው የወረደው መብቱ በ1921 ሊያበቃ ሲል ነው፤ የቆየው ዓይነት መላጫ ያኔ በ1 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎችም ምላጭ እየሠሩ ገቡ። ውሎ አድሮ የምላጩ ቅርጽ የሁሉም አምራች የጋራ ሀብት ሆነ፤ ዛሬ በግብፅ፣ በሕንድ፣ በሩሲያ ወይም በጃፓን የተሠራ ምላጭ ጀርመን በተሠራ መላጫ ላይ ያለ ችግር ይገጥማል። አንድ ሸማች ከዚህ የተሻለ ነጻነት ሊመኝ አይችልም።

ለአምራቹ ግን ይህ ነጻነት ትርፍ ይቀንሳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዙ ዊልኪንሰን ሶርድ የማይዝግና ብዙ ቀን የሚያገለግል ምላጭ ይዞ ሲመጣ የጂሌት ኩባንያ ክፉኛ ደነገጠ፤ ደንበኛው እጀታውን ሳይቀይር ምላጩን ብቻ መቀየር ይችል ነበርና። መልሱ በ1971 መጣ፦ ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን የተቀበረበት፣ ከራሱ እጀታ በቀር ሌላ ላይ የማይገጥም ራስ። በ1990 ሴንሰር የተባለው፣ በ1998 ባለ ሦስት ምላጩ ማክ 3 ተከተሉ። ተፎካካሪው ሺክ በ2003 አራት ሲያደርገው፣ ጂሌት በ2006 ፊውዥን በተባለው አምስት አደረሰው። እያንዳንዱ ጭማሪ አዲስ የፈጠራ መብት፣ አዲስ እጀታና አዲስ ዋጋ አለው። በ1921 የተከፈተው በር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ ማለት ነው።

ማስታወቂያውም ከእውነቱ ርቆ ሄዷል። በ2005 የኮነቲከት ፌዴራል ዳኛ ጃኔት ሆል፣ ጂሌት በባትሪ ስለሚንቀጠቀጠው መላጫው ያሠራጨውን አባባል ሐሰት ሆኖ አግኝተው አግደውታል። ማስታወቂያው መሣሪያው ጢሙን ከቆዳው ላይ ቀና እያደረገ እንደሚቆርጥ በሥዕል ያሳይ ነበር፤ ማስረጃው ግን ይህን አላሳየም።

የብዙ ምላጭ አሠራር በሽያጭ ንግግር እንደ ጥቅም የሚቀርበው ጢሙን «ከሥሩ» ስለሚቆርጥ ነው። ፊተኛው ምላጭ ፀጉሯን ሲነካ ትንሽ ይስባታል፤ ወደ ቦታዋ ሳትመለስ ተከታዩ ዝቅ ብሎ ይቆርጣታል። የተቆረጠው ጫፍ ሲመለስ ከቆዳው ወለል በታች ይቀራል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው በዚህ ላይረበሽ ይችላል፤ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ያደገበትን ቀዳዳ ይከተላልና። ከርዳዳ ፀጉር ግን ሲያድግ ይጠመዘዛል፣ በሹል ጫፉም የቀዳዳውን ግድግዳ ወግቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል፤ አንገትና አገጭ ላይ የሚያሳክክ፣ አንዳንዴም የሚመግል እብጠት ይወጣል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ይህ ሕመም በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች ዘንድ ከመስፋፋቱ የተነሣ ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ1993 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሠራተኞቹ ጢም እንዳያሳድጉ የከለከለ የፒዛ ድርጅት ደንብ መላጨት የማይችሉ ጥቁር ወንዶችን በተለየ ሁኔታ እንደሚጎዳ ወስኗል። የአሜሪካ ጦር ኃይልም ለዓመታት በሐኪም ማስረጃ ከመላጨት ግዴታ ነጻ ሲያደርግ ቆይቷል። ብዙ ኢትዮጵያዊም ጢሙ ከርዳዳ ስለሆነ ችግሩን ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ቆዳዬ አይስማማውም» ብሎ ቅባት ይቀያይራል እንጂ መላጫውን አይጠረጥርም። የምላጭ ብዛት እብጠቱን ምን ያህል እንደሚያባብስ ሐኪሞች ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ስምምነቱ እስኪመጣ አንገቱ የሚያብጥ ሰው መጠበቅ የለበትም፦ አንድ ምላጭ፣ በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ ሳይጫኑ። ያም ካልበጀ፣ ፀጉሩን ትንሽ አስቀርቶ የሚቆርጠው ቶንዶስ ከማንኛውም ምላጭ ይሻላል።

በተግባር የመላጨትን ጥራት የሚወስነው የምላጩ ስለት ትኩስነት ነው። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ከብረት ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ፀጉር ስለቱን ይሸርፈዋል፤ ፀጉሩ ወደ ጎን ሲጎብጥ የስለቱ ጠርዝ በትንሽ በትንሹ ይቦደሳል። ስለዚህ ሁሉም ምላጭ ይዶለዱማል፤ ጥያቄው ሰው መቼ ይቀይረዋል የሚለው ነው። በአሜሪካ አንድ ባለ አምስት ምላጭ ራስ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዶላር ያወጣል፤ ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ግን በመቶ ሲገዛ አንዱ ከ20 ሳንቲም ብዙም አያልፍም። በዚህ ምክንያት የካርትሪጁ ባለቤት መላጫው እየጎተተው፣ ቆዳው እየቆሰለ፣ ለሳምንታት ይታገላል። የቆየውን መላጫ የያዘው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምላጩን ያለ ቅሬታ ይቀይራል። ውድነቱ ካርትሪጁ ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም እንኳ ይነጥቀዋል።

የቆየው መላጫ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጢሙ በሞቀ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይርሳል፤ ውሃ የጠጣ ፀጉር ያብጥና ይለሰልሳል። ሳሙናው በብሩሽ ተመትቶ ወፍራም አረፋ ሲሆን ክብ እየተሠራ ይቀባል። የመላጫው ራስ ጉንጭ ላይ ይጋደማል፣ ስለቱ ቆዳውን እስኪነካ እጀታው ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፤ ስለቱ ከቆዳው ጋር በግምት 30 ዲግሪ ሲሠራ ፀጉሩ ሲቆረጥ የሚያሰማው ደቃቅ ድምፅ ይጀምራል። ግፊት አያስፈልግም፤ የብረቱ ክብደት ይበቃል። ሌላው እጅ ቆዳውን ወጠር ያደርጋል፣ ምቱ አጭር ይሆናል። አንገት ላይ ፀጉር አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ጎን ስለሚበቅል፣ አቅጣጫውን አስቀድሞ በጣት ዳስሶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጢም የቀረ እንደሆነ እንደገና አረፋ ተቀብቶ አግድም ይላጫል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቆረጥ አይቀርም። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ካርትሪጁ የተሻለ ነው፤ ምላጩን በእጅ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መሳፈርም ስለማይፈቀድ ተጓዥ ይቸገራል።

ወደ ቆየው መላጫ የሚመለሱ ሰዎችም ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ውድ እጀታ፣ መደርደሪያ የሚሞላ ሳሙና፣ ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ እየገዙ ከካርትሪጁ በላይ የሚያወጡ ብዙ ናቸው። አንድ ተራ መላጫ ካልወደቀ አሥርተ ዓመታት ይኖራል፤ ከእሱ ሌላ የሚያስፈልገው ምላጭ፣ ሳሙናና ውሃ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ከየሰፈሩ ሱቅ ጠፍቶ አያውቅም። እርሳስ ይቀረጽበታል፣ ስፌት ይተረተርበታል፣ ፀጉር ቤቶችም ለሁለት ሰብረው በመያዣ ይላጩበታል። የሚያሳዝነው፣ አቅም ያገኘ ሰው ይህን የድሃ ዕቃ አድርጎ መተዉና ባለ ብዙ ምላጩን የሥልጣኔ ምልክት ማድረጉ ነው። ስለታም ነገር በጋራ አለመጠቀም ከኤችአይቪ መከላከያ ትምህርት ዋና መልእክቶች አንዱ ሆኖ ለዓመታት ተነግሯል፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ያንን ምክር ለመፈጸም ደግሞ የሚመቸው ደንበኛው ፊት ከወረቀቱ የሚወጣ ርካሽ ምላጭ ነው።

የቆሻሻው ጉዳይም አለ። ካርትሪጅ ብረትና ፕላስቲክ ተጣብቀው የተሠሩበት ስለሆነ ለይቶ መልሶ ለመጠቀም አስቸጋሪ ነው። ምላጩ ብረት ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲሁ ከተጣለ የሕጻናትን እግር፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዎችንና የቆራሌውን እጅ ይቆርጣል። ያገለገለው ምላጭ ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቆርቆሮው ሲሞላ ቀዳዳው ተደፍኖ ይወገዳል።